ነሪኪሪ ከነጭ ቦሎቄ፦ የሰባት ዙር የሥራ ማስታወሻ

ነሪኪሪ ማለት ዋጋሺ ከሚባሉት የጃፓን ባህላዊ ጣፋጮች ውስጥ ከማቻ ሻይ (ልም ሆኖ ከተፈጨ አረንጓዴ ሻይ) ጋር የሚቀርበው፣ በእጅ እየተቀረጸ የሚሠራው ለስላሳ ዓይነት ነው። አንዷ ፍሬ ከ40 እስከ 50 ግራም ትመዝናለች፤ ቅርጿ እንደየወቅቱ አበባ፣ ቅጠል ወይም በረዶ ይሆናል። የምትፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ነጭ ጥራጥሬ፣ ስኳርና ጥቂት የሚያጣብቅ የሩዝ ዱቄት። እንቁላል፣ ወተትም ሆነ ቅቤ ስለማይገባባት ለጾም ትሆናለች።

ፎቶ ላይ ዓይን የሚገባው ቅርጹ ነው። ድካሙ ያለው ግን ድስቱ ላይ ነው። ከታች ከተመዘገቡት ብልሽቶች አብዛኞቹ የውሃ መጠን ጉዳይ ናቸው፤ ሊጡ ውስጥ 20 ግራም ውሃ በዛ ወይም አነሰ ማለት አበባው መዳፍ ላይ ተጣበቀ ወይም ተሰነጠቀ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወሻው ስለ ቦሎቄ ብዙ፣ ስለ አበባ ትንሽ ቢያወራ አይግረማችሁ።

ዕቃና ግብዓት

ጃፓን ውስጥ ነጩ ሊጥ በብዛት የሚሠራው ሆካይዶ ከሚበቅል ተቦ ከሚባል ደቃቅ ነጭ ቦሎቄ ነው። እኛ ጋ ስምጥ ሸለቆ ላይ በአብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ፣ ለምሳሌ አዋሽ-1 እና አዋሽ መልካ፣ ከተቦ ጋር አንድ የዕፅዋት ዝርያ ነው፤ የፍሬው መጠንም ይቀራረባል። ምትክ ተብሎ የሚታፈርበት አይደለም። የምትገዙት ግን የዘንድሮው ምርት ይሁን። መጋዘን የከረመ ቦሎቄ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይቀራል። ሶዳ ጨምሮ ማስገደዱም አያዋጣም፤ ነጩን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፣ ፍሬውንም ከሚፈለገው በላይ ያፈራርሰዋል።

ቦሎቄው ከስኳር ጋር በስሎ ሲያልቅ ሺሮአን ይባላል። «ሺሮ» በጃፓንኛ ነጭ ማለት ነው፤ «አን» ደግሞ ጣፋጩ የጥራጥሬ ሊጥ። ከእኛ ሽሮ ጋር በስም መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለው ጠባይ ግን ዙር 2 ላይ እንደምታዩት ብዙም አይራራቅም።

የሩዝ ዱቄቱ ከሚያጣብቀው ሩዝ የተፈጨ መሆን አለበት። ምርጡ ሺራታማኮ ነው፤ ሩዙ ከውሃ ጋር ተፈጭቶ፣ ተጠልሎና ደርቆ ስለሚዘጋጅ በደቃቃ ጠጠር መልክ ይሸጣል። ሞቺኮ የሚባለው ደግሞ በደረቁ የተፈጨ ልም ዱቄት ነው፤ ይሠራል፣ ትንሽ ይከብዳል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሞቺኮን የእስያ ሸቀጥ በሚሸጥበት መደብር ታገኛላችሁ። ተራው የሩዝ ዱቄት ግን ሁለቱንም አይተካም፤ ሲበስል አይለጠጥም። ከሁለቱ አንዱም ለማይገኝበት ቤት መውጫው ዙር 4 ላይ አለ።

ስኳሩ ነጩ ይሁን። ወደ ቢጫ የሚያደላው ሻካራ ስኳር በጣዕም ምንም አይልም፤ ግን ሊጡን ክሬም መልክ ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ፈዛዛ ሮዝ ማውጣት ዘበት ነው።

ከዕቃ፦ 1 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቀዳዳ ያላቸው ወንፊቶች፣ ጥቅጥቅ ያለ ሻሽ፣ ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ጫፏ ቀጭን መቀስ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ሚዛኑን ግዙ።

ዙር 1፦ በብሌንደር (ተበላሸ)

500 ግራም ቦሎቄ ተዘፍዝፎ አደረ፣ ተቀቀለ፣ ከነገለፈቱ በብሌንደር ተፈጨ፣ 350 ግራም ስኳር ገብቶበት በእሳት ተመታ። 40 ደቂቃ ቢማሰልም ድስቱን አልለቀቀም። ሲቀዘቅዝ እንደ ሙጫ ማንኪያው ላይ ተንጠለጠለ፤ ቀለሙ አመድማ፣ ምላስ ላይ ከባድ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቦሎቄ ሲቀቀል የእያንዳንዱ ሕዋስ ፕሮቲን በሙቀቱ ረግቶ ስታርቹን ውስጡ ይዘጋበታል። ሕዋሶቹም ሳይቀደዱ አንዱ ከሌላው ይላቀቃል። ጥሩ አን ማለት የእነዚህ ሙሉ ሕዋሶች ክምር ነው፤ አንዷ ቅንጣት የሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ናት። ምላስ ላይ ልም ሆኖ የማይጣበቀውም ለዚህ ነው። የብሌንደሩ ምላጭ ሕዋሱን ይቆርጠዋል፤ ስታርቹ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው የቦሎቄ ሙጫ ነው። አመዱን ያመጣው ደግሞ ገለፈቱ ነው። ይህ በማማሰል አይድንም። ዙሩ ተዘጋ፤ ሊጡ ዳቦ ላይ እየተቀባ አለቀ።

ዙር 2፦ በወንፊት፣ በውሃ፣ በሻሽ

ማታ 2 ሰዓት ላይ 500 ግራም ቦሎቄ በ2 ሊትር ውሃ ተዘፈዘፈ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተጠልሎ ሲመዘን 1,070 ግራም ሆነ። ከደረቁ ክብደት እጥፍ ካልደረሰ ገና ነው፤ ተጨማሪ ሁለት ሰዓት ስጡት። የተሸበሸበ ገለፈት ከታየም ውሃው ውስጡ አልደረሰም ማለት ነው።

በአዲስ ውሃ ተጥዶ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ቆይቶ ውሃው ተደፋ። ጃፓኖች ይህን ሺቡኪሪ ይሉታል፤ አፍ የሚይዘውን ጣዕም መቁረጥ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተደረገ። ሦስተኛው ውሃ ላይ እሳቱ ተቀንሶ፣ ፍሬው እየዘለለ ሳይሆን በቦታው እየተነቃነቀ እንዲበስል ተተወ። ውሃው ሁልጊዜ ከፍሬው ሁለት ጣት በላይ ይሁን፤ አናቱ ከውሃ የወጣ ፍሬ ይጠነክራል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር። የጃፓን አሠራር ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። በዚህ ዙር 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ። መብሰሉ የሚለካው በሰዓት አይደለም፤ አንድ ፍሬ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ይያዝ። ያለ ኃይል ከተፍረከረከና መሐሉ ላይ ምንም ጠጠር ካልተገኘ በስሏል። አምስት ፍሬ ሞክሩ፣ አንድ አይበቃም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ቢሆንም አይከብድም። የበሰለው ከነውሃው ሰፊው ወንፊት ላይ ተደርጎ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰበት በጭልፋ ጀርባ ተገፋ። ገለፈቱ ከላይ ቀረ። የወረደው በጠባቡ ወንፊት እንደገና አለፈ። በጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶበት 20 ደቂቃ ሲቀመጥ ልሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ላዩ ላይ የደፈረሰ ውሃ ይቀራል። ላዩን በቀስታ ደፍቶ ሌላ ውሃ መሙላት። ሦስት ጊዜ ሲደገም ላዩ ጠራ። ይህ እጥበት ያመለጠውን ስታርችና የጥሬ ቦሎቄ ሽታውን ይወስዳል። አምስትና ስድስት ጊዜ ካጠባችሁት ግን ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ነጭ አቧራ ነው።

ዝቃጩ ሻሽ ላይ ተገልብጦ ተጠመዘዘ። እዚህ ላይ ጉልበት ያስፈልጋል። ልኩ ይህ ነው፦ በእፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይይዛል፣ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ አሸዋ ይፈረፈራል። ክብደቱ 790 ግራም።

ስኳሩ ከዚህ ክብደት 55 በመቶ ተሰልቶ 435 ግራም። ድስቱ መጀመሪያ ባዶውን ተመዝኖ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ለምን እንደሆነ ይመጣል። ስኳሩ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀልጦ ሲፈላ ግማሹ ቦሎቄ ገባ፣ ከተዋሐደ በኋላ ቀሪው። እሳቱ መካከለኛ፣ ማማሰያው የድስቱን ታች ሳይለቅ። ከ8 ደቂቃ በኋላ ልክ እንደ ሽሮ መንተክተክና መትፋት ይጀምራል። ስኳር ያለበት ስለሆነ ከሽሮ የበለጠ ያቃጥላል፤ እጅጌ ረዘም ያለ ልብስ ይለበስ። እሳቱን በጣም መቀነስም መፍትሔ አይደለም፤ ሥራው በረዘመ ቁጥር ነጩ እየጠቆረ ይሄዳል።

መቼ ይውጣ? አሮጌው ምልክት ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ታች መታየቱና በማማሰያ ቆንጥሮ ሲጣል እንደ ትንሽ ተራራ ቆሞ መቅረቱ ነው። ትክክል ነው፤ ግን ለጀማሪ ዓይን ይለዋወጣል። ሚዛን አይለዋወጥም። ድስቱ ከነሊጡ ይመዘን፣ የባዶው ክብደት ይቀነስ፤ ሊጡ 1,130 ግራም ሲደርስ ይውጣ። በ22 ደቂቃ ደረሰ።

ወዲያው በእፍኝ በእፍኝ እርጥብ ጨርቅ ላይ ተቆንጥሮ ተበተነ። ድስቱ ውስጥ የተተወ እንደሆነ ዳርና ዳሩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፣ ያ ቅርፊት ደግሞ ኋላ አይሟሟም፤ የተጠናቀቀው አበባ ላይ እንደ ጠጠር ይወጣል።

ዙር 3፦ ጊዩሂ መጨመር

ሺሮአን ብቻውን ቅርጽ ይይዛል፣ ግን ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። እንዲለጠጥ የሚያደርገው ጊዩሂ ነው፤ የሚያጣብቀው ሩዝ ከስኳርና ከውሃ ጋር በስሎ የሚወጣ፣ ማስቲካ መሳይ ነገር።

400 ግራም ሺሮአን ማይክሮዌቭ ውስጥ ተከፍቶ ደረቀ፦ 2 ደቂቃ፣ ማማሰል፣ 2 ደቂቃ፣ ማማሰል፣ ከዚያ በ1 ደቂቃ ልዩነት። የላዩ ገጽ ብርሃኑን አጥቶ ዱቄት የተነሰነሰበት ሲመስል ይቆማል። ክብደቱ 360 ግራም ወርዷል። ማይክሮዌቭ ለሌለው በማይጣበቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያገላበጡ ያው ውጤት ይገኛል፤ 12 ደቂቃ ያህል ነው።

ለጊዩሂው 10 ግራም ሺራታማኮ፣ 20 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ስኳር። ውሃው በሦስት ጊዜ ይግባ፤ መጀመሪያ በጣት ጠጠሩን እያደቀቁ፣ ጠጠር ሲጠፋ ቀሪውን። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠበት ጓል ይሠራል፣ ጓሉም እስከ መጨረሻው ይኖራል። ስኳሩ ከተጨመረ በኋላ 40 ሰከንድ፣ ማማሰል፣ 30 ሰከንድ፣ ማማሰል። ነጩ ወደ ብርሃን አስተላላፊነት ተለውጦ ሲሳብ ገመድ ሲሆን በቃ።

ከደረቀው ሺሮአን አንድ አስረኛ፣ 36 ግራም ጊዩሂ፣ ሁለቱም ትኩስ ሳሉ ተደባለቁ። የቀዘቀዘ ጊዩሂ አይዋሐድም፤ ነጭ ሊጥ ውስጥ የሙጫ ክር ሆኖ ይታያል። ታሽቶ አንድ ከሆነ በኋላ በአውራ ጣት ቁራሽ እየተቆራረሰ ጨርቅ ላይ ተበትኖ፣ ሲበርድ ተሰብስቦ ታሽቶ፣ እንደገና ተበተነ። ሦስት ጊዜ። ይህ ሊጡን በእኩል ያበርዳል፣ አየር ስለሚገባበትም ያነጣዋል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው የንጣት ልዩነት ጎን ለጎን ሲቀመጥ በግልጽ ይለያል።

ፍተሻ፦ 20 ግራም ድቡልቡል በመዳፍ ተጨፍልቆ ዳሩ ይታይ። ዳሩ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ልክ ነው። በዚህ ዙር በሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። 5 ግራም ጊዩሂ ቢጨመርም ብዙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከልክ በላይ መድረቁ ነበር። በጣት ጫፍ ሁለት ጊዜ ውሃ ነክቶ ማሸቱ አስተካከለው። ለሚቀጥለው 365 ግራም ላይ ማቆም። ተቃራኒው ቢሆንስ፣ ማለትም መዳፍ ላይ የጣት አሻራ እያስቀረ ቢጣበቅ? ዱቄት መነስነስ አይሠራም፤ ወደ እሳት መመለስ ብቻ ነው። ጊዩሂ የበዛበት ደግሞ በሌላ ይታወቃል፤ አይጣበቅም፣ ግን የተቀረጸበት መስመር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይደፈናል።

ዙር 4፦ ኮናሺ፣ የሩዝ ዱቄት ለሌለበት ቤት

ኪዮቶ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ከነሪኪሪ ይልቅ ኮናሺ ይወደዳል። ኮናሺ በጊዩሂ ፈንታ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፤ ሊጡም በእንፋሎት ይበስላል። ስንዴ የማይገኝበት ሰፈር ስለሌለ ለእኛ ቀላሉ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል።

400 ግራም ሺሮአን (ሳይደርቅ እንደወጣ)፣ 36 ግራም የስንዴ ዱቄት። ዱቄቱ ለኬክ የሚሆነው ለስላሳው ይሁን፤ የዳቦው ብቻ ካለ ከ36ቱ 8 ግራሙ በበቆሎ ስታርች ይተካ፣ አለዚያ ላስቲክ ይሆናል። ሊጡ በጡጫ መጠን ተቆራርሶ ሻሽ የተነጠፈበት የእንፋሎት ድስት ላይ ተደረደረ። ክዳኑ በጨርቅ ይጠቅለል፤ ከክዳን የሚንጠባጠብ ውሃ ሊጡን በነጥብ በነጥብ ያጨቀየዋል። ባሕር ጠለል አካባቢ 30 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 42 ደቂቃ ወሰደ። ቁራሹ ሲገመስ መሐሉ ላይ ጥሬ ዱቄት የሚመስል ነጭ ነጥብ ካለ አልበሰለም።

ትኩሱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ታሸ፤ 20 ግራም ስኳር በጥቂቱ በጥቂቱ ተነሰነሰበት። መጀመሪያ ፍርፍር ይመስልና ተስፋ ያስቆርጣል። ከ5 ደቂቃ ማሸት በኋላ አንድ ይሆናል። ከነሪኪሪ ይልቅ ጠንከር ያለ ድድር ስሜት አለው፤ ንጣቱ ያንሳል፤ በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ሲታተም ግን መስመሩን የበለጠ አጥርቶ ይይዛል። መቀስ ሥራ ላይ ነሪኪሪ ይበልጠዋል።

ዙር 5፦ ቀለምና መጠቅለል

ቀለም በቀጥታ ወደ ትልቁ ሊጥ አይገባም። 10 ግራም ሊጥ ላይ ጠንካራ ቀለም ተሠርቶ ከዚያ እየተቆነጠረ ወደ ሌላው ይጨመራል። ፈዘዝ ያለው ነው የሚፈለገው፤ ሩቅ ሆኖ «ሮዝ ነው ወይስ ነጭ?» የሚያሰኝ። የቀይ ሥር ጭማቂ ተሞከረ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ውሃውና የአፈር ሽታው ግን ሊጡን ጎዳው። እርድ በስቴኪኒ ጫፍ ከሆነ ቢጫ ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ ወጥ ወጥ ይሸታል። ማቻ ጥሩ አረንጓዴ ነው፣ ብርሃን ላይ ከዋለ ግን ወደ ቡናማ ይሄዳል።

አሁን መጠቅለሉ፤ ጃፓኖች ሆአን የሚሉት። ልኩ ውጭው 26 ግራም፣ ውስጡ 16 ግራም። ውስጡ አዙኪ ከሚባለው ቀይ ጥራጥሬ የተሠራ አን ወይም ያው ሺሮአን ይሆናል። ሁሉም አስቀድሞ ተመዝኖ፣ ተድቦልቡሎ፣ ውሃው በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ሥር ይቀመጥ። ሊጡ ከ5 ደቂቃ በላይ አየር ላይ ከዋለ ገጹ ይደርቃል።

የውጭው ድቡልቡል በመዳፍ ሥጋ ተጨፍልቆ የሻይ ሲኒ አፍ ያህል ሰፋ፤ መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ ቀጭን። ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ ዳሩ ኋላ ከታች ተሰብስቦ ስለሚደራረብ። ውስጡ መሐል ላይ ተቀመጠ። የግራ እጅ ጣቶች እንደ ጎጆ ይታጠፋሉ፤ የቀኝ እጅ ሁለት ጣት ውስጡን በቀስታ ወደ ታች እየገፋ፣ ግራው ድቡልቡሉን በሰዓት አቅጣጫ ያሽከረክራል። በእያንዳንዱ ዙር የግራ አውራ ጣት ዳሩን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ከ8 እስከ 10 ዙር ውስጥ ዳሩ እንደ ከረጢት አፍ ይጠባል። ከዚያ ቆንጥጦ መዝጋት፣ መገልበጥ፣ በሁለት መዳፍ መካከል አንድ ሁለቴ ማድቦልቦል።

ከመጀመሪያዎቹ 15 ፍሬዎች ስድስቱ ላይ ውስጡ በአንድ ጎን ገጹን ገፍቶ ጥቁር ጥላ ሆኖ ታየ። መንስኤው ዳሩን ከመግፋት ይልቅ መሳብ ነው፤ የተሳበ ሊጥ በአንድ በኩል ይሳሳል። ሁለተኛው መንስኤ የሁለቱ ጥንካሬ አለመመጣጠን ነው። ውስጡ ከውጭው ከጠነከረ እንደ ድንጋይ ይገፋል፣ ከላላ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁለቱን በጣት ጫን ጫን አድርጎ ማወዳደር ከመጀመር በፊት ይሁን።

ቦካሺ፣ ማለትም ቀለሙ ከሮዝ ወደ ነጭ እየደበዘዘ የሚሄደው፣ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። ነጩ ሊጥ መሐል ላይ ጉድጓድ ተሠርቶ 4 ግራም ሮዝ ይገባና በስሱ ነጭ ይሸፈናል። ሲጨፈለቅ ሮዙ ከሥር ያበራል። ሽፋኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከወፈረ አይታይም፣ ከሳሳ ደግሞ ነጠብጣብ ይሆናል።

ዙር 6፦ ሦስት ቅርጽ

ለመስመር ሥራ ጃፓኖች ሳንካኩቤራ የሚባል ሦስት ጠርዝ ያለው የእንጨት ዘንግ አላቸው፤ አንዱ ጠርዝ ስል፣ አንዱ ድርብ መስመር የሚያወጣ፣ አንዱ ክብ። እዚህ በሦስት ጎን የተጠረበና በብርጭቆ ወረቀት የተላገ የእንጨት ቁራጭ ተተካበት። ብረት አይሆንም፤ ይቆርጣል እንጂ አይጫንም።

የፕለም አበባ አምስት ክፍል ነው። አስቸጋሪው አምስት ላይ መካፈሉ ነው። በስምንት ቢሆን ግማሽ፣ ሩብ እያሉ ይደረሳል። ለአምስት ግን አንድ መስመር ከመሐሉ በላይ በኩል ቀጥ አድርጎ ማስመር፣ ከዚያ የሁለት እግር ክፍተት እንዲመስል ሁለት መስመር ወደ ታች፣ በመጨረሻ በግራና በቀኝ የቀሩትን ሁለት ሰፊ ክፍተቶች ለሁለት መግመስ። እያንዳንዱ መስመር ከድቡልቡሉ ግርጌ ወደ አናቱ ይሳብ፤ ከአናቱ ከተጀመረ መሐሉ ይቦደሳል።

የመቀሱ አደይ መሳይ ሥራ ሃሳሚጊኩ ይባላል፤ የመቀስ ክሪሳንተመም። መቀሱ ወደ መሐል ዘንበል ብሎ፣ ጫፉ ብቻ 3 ሚሊ ሜትር ገብቶ ቆንጠር ያደርጋል፤ የተቆነጠረው ቅጠል በመቀሱ ራሱ ቀና ይደረጋል። ከአናቱ ተጀምሮ ክብ በክብ ወደ ታች ይወረዳል። የሁለተኛው ረድፍ ቅጠል በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ይገባል፤ በወረዱ ቁጥር ቅጠሉ ያድጋል። በየ10 ቁንጥጫው መቀሱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አንድ ፍሬ ላይ 11 ረድፍ ወጣ፣ 35 ደቂቃ ፈጀ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ቅጠሎቹ መቀደድ ጀመሩ፤ ገጹ እየደረቀ ነበር። ሊጡ ለዚህ ሥራ ትንሽ ጠንከር ይበል፣ ክፍሉ ግን ነፋስ አይኑረው።

ክሪሳንተመም ጃፓን ውስጥ የራሱ በዓል ያለው አበባ ነው፤ በዓሉ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 9 ይውላል። በጥንቱ ቤተ መንግሥት በዋዜማው አበባው ላይ ጥጥ ይደረግና ጠል ያደረበት ጥጥ ጠዋት ሰውነት ይታሸበት ነበር፣ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ። የጥጡን ምሳሌ በነጭ ክር ሊጥ አናቱ ላይ ያደረገ ጣፋጭ ዛሬም በዚያ ሰሞን ይሸጣል። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 4 ነው፤ እነሱ ክሪሳንተመም ሲቆነጥሩ እኛ ጋ ሜዳው አደይ ሊለብስ ነው።

ኪንቶን ሦስተኛው ነው። ሊጡ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት በአንድ ግፊት ወደ ታች ተገፍቶ አጫጭር ክር ይሆናል። 20 ግራም አን መሐል ሆኖ፣ ክሩ በቀጭን ቾፕስቲክ ጫፍ እየተነሳ መጀመሪያ ታችኛውን ዳር፣ ቀጥሎ ጎኑን፣ በመጨረሻ አናቱን ይሸፍናል። እጅ አይነካውም። ክሩ ከተጫነ አየሩ ይወጣና ተራ ድቡልቡል ይሆናል። ሊጡ ወንፊቱ ላይ ከተጎተተ ክሩ ይጠቀለላል፤ ግፊቱ ቀጥታ ይሁን። ቀለሙን በመለዋወጥ ብቻ በሚያዝያ የቼሪ አበባ፣ በሰኔ ሐምራዊ ሆርቴንሲያ፣ በብርዱ ወራት በረዶ ይሆናል። ለጀማሪ ከሦስቱ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ብልሽትን ይደብቃል።

ዙር 7፦ ቁርጥራጩን ወደ ዮካን

የተሰነጠቀው፣ ቀለሙ የተበላሸውና የተረፈው ተሰብስቦ 380 ግራም ሆነ። ዮካን ከእነዚህ ይወጣል። ስሙ ሲጻፍ የበግ ሾርባ ማለት ነው፤ ከቻይና በዜን መነኮሳት በኩል ገብቶ፣ ሥጋ የማይበሉት መነኮሳት በጥራጥሬ ሠርተውት በዚያው ቀረ።

4 ግራም የካንተን ዱቄት (ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ፣ ጀላቲን አይደለም) በ350 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ተጣደ። ካንተን ሳይፈላ አይሟሟም። 2 ደቂቃ ፍላት የሚለውን አሠራር እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 4 ደቂቃ ማሳደግ ይሻላል፤ ያልሟሟ ቅንጣት ካለ ዮካኑ ሲቆረጥ ይፈርሳል። ከዚያ 60 ግራም ስኳር፣ ቀጥሎ ሊጡ ተቆራርሶ። 5 ደቂቃ ማማሰል።

ትኩሱን ወዲያው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መገልበጥ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የቦሎቄው ቅንጣት ይዘቅጥና ከላይ ብርጭቆ፣ ከታች ጭቃ የሆነ ሁለት ንብርብር ይወጣል። ድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ 48 ዲግሪ እስኪደርስ ተማሰለ፣ ከዚያ ተገለበጠ። ከ40 በታች ከወረደ ደግሞ ድስቱ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተቆረጠ፤ ቀለሙ ስሙ የማይታወቅ ፈዛዛ ግራጫ ሮዝ፣ ጣዕሙ ምንም ነውር የለውም።

ስለ ማቆያ፦ ነሪኪሪ በተሠራበት ቀን ይበላ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ስታርቹ ይጠነክራል፣ ገጹም ይደርቃል። መቆየት ካለበት እያንዳንዱ ፍሬ በምግብ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ አየር በማያስገባ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ፤ ሲወጣ ፕላስቲኩ ሳይፈታ በረዶው በቀስታ ይቅለጥ፣ አለዚያ ላቡ ቀለሙን ያዥጎረጉረዋል። ከዙር 2 የቀረው ሺሮአን በ100 ግራም ተከፋፍሎ፣ ክብደቱና ቀኑ ተጽፎበት ፍሪዘር ገብቷል።